ኮረኮንቹ ይቆይልን?

— ጋሼ፣ እርስዎ መንዝ ተወልደው አውራ ጎዳና ያረጁ ሰው ነዎት። ይህን ሐሳብ እርስዎ ካልጣሉት ማንም አይጥለውም ብዬ ነው የመጣሁት።

— እስቲ አምጣው።

— በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ ከጣርማበር ወደ መሐል ሜዳ ሲኬድ ግራና ቀኝ፣ መኪና እምብዛም የማይረግጣቸው የጠጠር መንገዶች አሉ። ቀበሌን ከቀበሌ የሚያገናኙ፣ ሸንተረር ይዘው የሚሄዱ፣ አንዳንዱማ ገደል አፋፍ ላይ የሚያወጣ። እነዚህን አገጣጥመን የብስክሌት መስመር እናድርጋቸው ነው የምለው። ሦስት አራት ቀን የሚያስኬድ፤ ማታ ማታ ገበሬ ቤት ወይም የማኅበረሰቡ ማረፊያ የሚታደርበት።

— ሰላሙን ረሳኸው?

— አልረሳሁትም። ዛሬ ማንንም ና አልልም። ግን ማሰብ የምንጀምረው ሰላም በወረደ ማግስት ከሆነ፣ ሌላው ቀድሞ አስቦ የጨረሰውን ነው የምንቀበለው።

— ይሁን፣ በዚህ አልይዝህም። የብስክሌቱን ነገር ንገረኝ። በእኛ ጊዜ ብስክሌት ያለው ሰው ኮረኮንች ሲያጋጥመው ወርዶ ይገፋ ነበር።

— ይኼኛው ለኮረኮንች የተሠራ ነው። ጎማው እንደ ውድድር ብስክሌት ቀጭን አይደለም፤ ወደ 40 ሚሊ ሜትር ይሰፋል። ነፋሱ ቀነስ ይደረግና ጠጠሩ ላይ መዝለሉን ትቶ ተኝቶ ይሄዳል። ማርሹ ለዳገት ቀላል ነው፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ አይከዳም። ነጂው የሚፈልገው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ወጣ ገባ ያለ ምድርና መኪና የሌለበት መንገድ። አውሮፓ ውስጥ ሰው ይህን ፍለጋ አገር አቋርጦ ይሄዳል። አዲስ አበባም በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ሲጀመር አይተው የለም? ጎዳናው ለአንድ እሑድ ለመኪና ተዘጋ ተብሎ ከተሜው ልጁን ይዞ ወጣ፣ እንደ ብርቅ አየው። መንዝ ላይ ግን መንገድ በየቀኑ ለሰው ነው።

— መንዝ ላይ መንገዱ ለሰው የቀረው መኪና ተከልክሎ አይደለም፤ መኪና ጠፍቶ ነው። ሁለቱን አታደባልቅብኝ። ያንተ እሑድ ሲመሽ ያልቃል፤ ከተሜው ሰኞ ጠዋት ታክሲ ይሳፈራል። እዚያ ግን ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ የምትወርደው ሰኞም ነው፣ ማክሰኞም ነው።

— አምቡላንስ አይግባ መቼ አልኩ?

— አላልክም። ሐሳብህ የሚያምረው ግን አምቡላንሱ ካልገባ ነው። አስፋልት የገባ ቀን መስመርህ ተበላሸ ማለት ነው፤ አይደለም?

— በጥቂቱ፣ አዎ። ቶስካና ውስጥ የሆነውን ልንገርዎት።

— መንገድ ሲነሣ ጣልያን ሳይጠራ አይቀርማ። ጣርማበርን የበሳውም እሱ ነው።

— ይኼኛው ጣልያን መንገድ የሠራ ሳይሆን መንገድ እንዳይሠራ የተሟገተ ነው። ጃንካርሎ ብሮቺ ይባላል፤ ኪያንቲ ውስጥ ያለች ጋዮሌ የምትባል የትንሽ ከተማ ሰው። በወይን ኮረብታዎቹ ላይ የሚሄዱት ነጫጭ የጠጠር መንገዶች አስፋልት እየለበሱ ሲያልቁ አየና እ.ኤ.አ. በ1997 «ኤሮይካ» የሚባል የብስክሌት ጉዞ ጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት 92 ሰው ወጣ። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይመጣል፤ ደንቡ በመሠረቱ ከ1987 በፊት የተሠራ ብስክሌት ይጠይቃል። ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መስመርም ምልክት ተተክሎለት ዓመቱን ሙሉ ይነዳል። ከ2007 ጀምሮ ደግሞ ባለሙያዎቹ ራሳቸው በዚያው ጠጠር ላይ ይወዳደራሉ። ውድድሩ ስትራዴ ቢያንኬ ይባላል፣ መጨረሻው የሲዬና አደባባይ ነው። በ2024 ፖጋቻር የተባለው ነጂ 81 ኪሎ ሜትር ሲቀረው ብቻውን ተነጥሎ ያሸነፈው እዚያ ነው። ሦስት ጊዜ ላሸነፈው ለካንቼላራማ አንዱን የጠጠር ክፍል በስሙ ሰይመውለታል። ኮረኮንች ክብር አገኘ ማለት ነው፣ ጋሼ።

— 1997 ነው ያልከው?

— አዎ።

— በዚያው ዓመት እኛ ምን ላይ እንደነበርን ታውቃለህ? የመንገድ ዘርፍ ልማት ፕሮግራም የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። ይህ ሁሉ አገር ወደ 26 ሺህ ኪሎ ሜትር መንገድ ብቻ ነበረው። ከዚያ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ እያንዳንዱ ቀበሌ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ ይድረሰው ተባለ፤ ግሬደሩ፣ ሮለሩ፣ ሰሌክት የጫነው ገልባጭ በየጋራው ወጣ። ያንተ ሰውዬ አስፋልት በቃን ሲል እኛ ጠጠሩ ራሱ ናፍቆን ነበር። አሁን የምትወዳቸው መንገዶች ብዙዎቹ የዚያ ጊዜ ሥራ ናቸው። ገበሬው ነገ ከነገ ወዲያ የተሻለ ይመጣል ብሎ በጉልበቱ ድንጋይ የተሸከመባቸው። ሄደህ «እንዲሁ ይቆይልን» ብትለው ምን ይመልስልሃል?

— ብሮቺም እኮ ለገጠሩ ነው የተሟገተው።

— ለየትኛው ገጠር? እኔ ፍሎረንስ ለሥልጠና በነበርኩ ጊዜ ኪያንቲን አይቼዋለሁ። የፈረንጅ ጥዱ ግራና ቀኝ ተሰልፎ፣ ነጩ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወጣና ጫፉ ላይ ትልቅ የድንጋይ ቤት ይቆማል። በሩ ዝግ ነው። ማን ይኖርበት ነበር ብለህ ጠይቅ። የእኩል አራሽ፤ ምርቱን ከባለ መሬቱ ጋር ለሁለት የሚካፈል ገበሬ። መንገዱም የእሱ ነበር፣ በሬውንና ወይኑን የሚያመላልስበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያ ሰው ቤቱን ጥሎ ፋብሪካ ገባ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1964 አዲስ የእኩል ውል በሕግ ሲከለክል እንኳ ብዙው ቀድሞ ሄዷል። ብሮቺ ያዳነው መንገድ ባለቤቱ ጥሎት የሄደውን ነው። ጭር ስላለ አማረ። እስቲ እኛ ደጋ ላይ ጭር ያለ መንገድ አሳየኝ!

— ጭር ያለ አላልኩም። መኪና የሌለበት ነው ያልኩት።

— እሱማ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል። የገበያ ቀን ጠዋት ና። በግ የሚነዳው፣ ዶሮ ያንጠለጠለችው፣ ገብስ የጫነው ከቦይ እስከ ቦይ ሞልቶ ይሄዳል። ባሕር ዛፍ የጫነች አህያ ከኋላ ሆነህ አይተሃል? አጣናው በግራና በቀኝ ይታሰርና ጫፉ መሬት ለመሬት ይጎተታል። እሷ አንገቷን ወደ ቀኝ መለስ ባደረገች ቁጥር ጫፉ በግራ በኩል መንገዱን ሙሉ ይጠርገዋል። መኪና ሲመጣ ከሩቅ ይሰማል፤ ነጂዋ ሮጦ ዳር ያስይዛታል። ያንተ ብስክሌት ድምፅ የለውም። ቁልቁለት ላይ ድንገት ሽው ሲልባት ትበረግጋለች፤ ጭነቱ ይገለበጣል፣ አንተ አጣናው ላይ ትወጣለህ። ከዚያ ሽማግሌ ይቀመጥ፣ ካሣ ይቆረጥ።

— ደወል አለው እኮ።

— ደወሉን ለአህያዋ ማን ያስተምራታል?

— እሺ፣ በገበያ ቀን አይነዳ። ይህ በደንብ ሊጻፍ ይችላል፤ የየከተማው ገበያ ቀኑ የታወቀ ነው። ቁልቁለት ላይም ሰውና ከብት ሲታይ መውረድ ግዴታ ይሁን።

— ድንጋዩስ? ኢትዮጵያን በብስክሌት ያቋረጡት ፈረንጆች የሚጽፉትን አንብበሃል። መጀመሪያ «ዩ! ዩ! ዩ!»፣ ቀጥሎ ድንጋይ።

— አንብቤያለሁ፤ እኔም ላይ ተወርውሯል። ደግሞ እኔን ፈረንጅ ነው ብለው አይመስለኝም።

— ምን አደረግክ?

— ሁሉም የሚያደርገውን። ፔዳሉን ረገጥኩ።

— ለእረኛ እኮ ድንጋይ ሥራው ነው። ከብት እህል ሊገባ ሲሮጥ በድንጋይ ይመለሳል፤ የሚሮጥ ነገር ሁሉ በድንጋይ ይመለሳል ብሎ ነው ያደገው። እኔም በእረኝነቴ የመንግሥት መኪና ላይ ወርውሬያለሁ። አባቴ ገርፎኛል፣ ግን ደስታዬን አልወሰደብኝም። ሌላም አለ። በእኛ አገር መንገደኛ ሰላም ሳይል ካለፈ ወይ ሰርቋል ወይ ተጣልቷል። ያንተ ነጂ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ጆሮው ላይ ዘፈን ሰክቶ «እንዴት ዋላችሁ» ሳይል ያልፋል። ልጁ ምን ይበለው?

— ቁልቁለት ላይ እውነትዎን ነው። ዳገት ላይ ግን ብስክሌት ከእግረኛ አይፈጥንም። ከትምህርት ቤት ከሚመለሱ ልጆች ጋር እኩል ነው የምሄደው። ስንተኛ ክፍል እንደሆኑ እጠይቃለሁ፤ አንዱ ደብተሩን ለጓደኛው ይሰጥና ከኋላ ይገፋኛል። ማርሹን ቀይርልኝ ስለው የሚሆነውን ቢያዩ! ዳገት ላይ ድንጋይ የወረወረብኝ ልጅ የለም። ስለዚህ መስመሩን ስናወጣ መንደሮቹን ሁሉ በዳገት በኩል እንድንገባባቸው እናድርግ። ቁልቁለቱ ሰው ወደሌለበት ወገን ይዋል።

— ይኼስ ብልሃት አለው። መንገድ ቀያሽ ብትሆን ይሻልህ ነበር።

— ሰው የሞላበት ምድር ላይ አይሆንም ካሉኝ ደግሞ ሩዋንዳ አለች። የኪቩን ሐይቅ ዳር ይዞ ከሩባቩ እስከ ሩሲዚ የሚሄድ 227 ኪሎ ሜትር መስመር አላቸው፤ «ኮንጎ ናይል ትሬይል» ይባላል። ምድሩ ኮረብታ ብቻ ነው፣ ኮረብታው ሁሉ ሰው የሰፈረበት ነው። ልጆቹ ባዶ የውሃ ላስቲክ ስጡን እያሉ ይከተላሉ። መንገደኛው ቡና ሲታጠብ ቆሞ ያያል፣ መንደር ውስጥ ያድራል፣ ይበላል፣ ይከፍላል። በ2025 የዓለም የጎዳና ብስክሌት ሻምፒዮና አፍሪካ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ኪጋሊ የሆነው በአጋጣሚ አይደለም።

— ሩዋንዳ ለብስክሌት ስትል አስፋልት አስቀረች?

— አላስቀረችም። ዋናውን የሐይቁን ዳር መንገድ አስፋልት አደረገችው። ከመስመሩ አንዳንዱን ቦታ አስፋልቱ ወሰደው፤ የቀረው አሁንም ይነዳል።

— በል እዚህ ላይ ቁም። ተራው ይኼ ነው። መጀመሪያ የአገሬው አስፋልት፣ ቀጥሎ የእንግዳው ጠጠር። በዚህ ተራ ከሆነ እኔ ካንተ ጋር ጠብ የለኝም። እንዲያውም መሐንዲስነቴ ያስተማረኝን ልንገርህ፤ በቀን ጥቂት መኪና ለሚያልፍበት መንገድ አስፋልት አያዋጣም። አብዛኛው የቀበሌ መንገድ እኔ ካለፍኩ በኋላም ጠጠር ሆኖ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ለኮረኮንች ጠበቃ አትቁምለት፣ ጠበቃ አያስፈልገውም። ንዳበት፤ ግን አታወድሰው። የሚያስፈራኝ ድህነታችንን ለውበቱ ብሎ የሚወድልን ሰው ነው። ዛሬ ጎጆው አማረኝ ይላል፣ ነገ ቆርቆሮ የከደነውን ሰው ይቆጣል።

— ሳላወድሰው እንዴት ሰው እጠራበታለሁ? «መጥፎ መንገድ ነው፣ ኑ» ብዬ ልጻፍ?

— «ተራራው ጥሩ ነው፣ መንገዱ እንደነገሩ ነው» በል።

— ማንም የማይጠብቃቸው መንገዶችም እኮ አሉ። እስፔን እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ባቡር የቀረባቸውን ሐዲዶች እየነቀለች ከ3 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የእግርና የብስክሌት መንገድ አድርጋለች። በኻኤንና በኮርዶባ የወይራ ኮረብታዎች ላይ ዘይት ያመላልስ የነበረው ባቡር መስመር ብቻ 128 ኪሎ ሜትር ነው። ባቡር ዳገት ስለማይወድ መንገዱ ለጥ ያለ ነው፤ ዋሻው፣ ድልድዩ ሁሉ አለ። እዚያ ላይ አስፋልት ይምጣልኝ የሚል ቀበሌ የለም።

— መንዝ ላይ ባቡር መቼ መጥቶ ቀረ? የእኛ ሐዲድ ቆላውን ይዞ ነው ጅቡቲ የወረደው። ይልቅ ወደ ራስህ ምድር ተመለስና አንድ ነገር ልጠይቅህ። የመንዝ ልጅ በዚህ ብስክሌት ይነዳል ወይስ ሲነዳበት ቆሞ ያያል?

— መጀመሪያ ላይ ያያል። አልዋሽዎትም፣ ዋጋው ከአንድ ጥንድ በሬ በላይ ነው። ግን ጽጋቡ ግርማይም መቀሌ ላይ ከማየት ነው የጀመረው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 ቱር ደ ፍራንስን የነዳ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ኬንያም ማሳይ ማራ ላይ ከ2021 ጀምሮ የጠጠር ውድድር አለ። ከተጀመረበት ምክንያት አንዱ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ቪዛ ሳይለምኑ ከዓለም ነጂዎች ጋር በገዛ ምድራቸው እንዲፋጠጡ ነው። ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ተወልዶ፣ ውሃ ቀድቶ ዳገት እየወጣ ያደገ ልጅ ሳንባው ምን ሊሠራ እንደሚችል ለሯጮች አገር ማስረዳት አይጠበቅብኝም።

— ሯጭ ጫማ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንዳንዴ ጫማም አላስፈለገውም። ብስክሌት መለዋወጫ ይፈልጋል፤ ሰንሰለቱ ሲበጠስ መሐል ሜዳ ላይ ማን ይቀጥልለታል?

— ባጃጅ ሲገባ ሜካኒኩ ተከትሎ ገባ። ጎሚስታው አሁንም አለ። ከትርፉ ላይ ሁለት ሦስት ብስክሌት እየገዙ ለልጆች ማከራየት…

— የትርፉን ነገር ተወው፣ ገና መንገዱ አልተረፈም። ጠጠር መንገድን የሚገድለው ምን ይመስልሃል?

— መኪና።

— ውሃ ነው። አንተ መኪና የለበትም ብለህ ስትደሰት ውሃው ሥራውን እየሠራ ነው። መንገድ መሐሉ ከፍ ብሎ ጀርባ ሊኖረው ይገባል፤ ዝናቡ ግራና ቀኝ ይወርድና ቦይ ይገባል፣ ቦዩ ካልቨርት ያደርሰዋል፣ ካልቨርቱ ከመንገዱ ሥር አሻግሮ ይለቀዋል። የካልቨርቱ አፍ ደለልና ጭራሮ ከሞላበት ውሃው መሄጃ ያጣና መንገዱ ላይ ይወጣል። ያኔ መንገዱ ራሱ ቦይ ሆነ። ሰሌክቱ ታጥቦ ይሄዳል፣ ጥርስ ያወጣ ድንጋይ ይቀራል። ከሥሩ መረሬ ከሆነ ድንጋዩም ይሰምጣል። ቀጥሎ ያለው ክረምት ቦረቦር ያወጣበታል፤ ቦረቦሩ ደግሞ መንገድ ላይ አይቆምም፣ የጎረቤቱን ማሳ ይዞ ይወርዳል። ይህን ሁሉ የሚያስቀረው ግንቦት ላይ አካፋ ይዞ የካልቨርቱን አፍ የሚጠርግ ሰው ነው። ማነው እሱ?

— ገበሬው።

— በነፃ። ልማት ነው ውጣ ተብሎ። አንተ ጥቅምት ላይ መጥተህ «እንዴት ያለ መንገድ ነው!» ብለህ ፎቶ ታነሣለህ።

— እንግዲህ የምከፍለው ለእሱ ነው! እያንዳንዱ ነጂ መስመሩን ሲጀምር ይክፈል። ገንዘቡ ለአስጎብኚ ሳይሆን ለአካፋ ይዋል። ካልቨርት የጠረገ ሰው የቀን ሒሳቡን ያግኝ። ያን ጊዜ የምነዳው ጠጠር የድህነት ምልክት መሆኑ ቀርቶ የሰው ሥራ ይሆናል።

— ገንዘቡን ማን ይይዘዋል? ወረዳ? ማኅበር? ከከተማ የመጣ ድርጅት?

— የጓሳን የሣር ምድር ማን ያዘው?

— ጓሳን ባታነሣው ነበር የሚገርመኝ።

— አነሣዋለሁ። መስመሩ መሐል ላይ ነው ያለው፤ ጭላዳውን፣ ቀይ ቀበሮውን፣ ጅብራውን ጥሎ ማን ያልፋል? ግን ከእንስሳው ይልቅ ደንቡ ነው የሚያስቀናኝ።

— ደንቡን ከአያቴ ነው የሰማሁት። ቄሮ ይባላል። የአስቦና የገራ ወገን ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ አለቃውን፣ አባ ቄራውን፣ ራሱ ይመርጥ ነበር። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋል፣ ከብት አይገባበትም፣ ማጭድ አያርፍበትም። ከዚያ ተመካክረው ቀን ይቆርጣሉ፣ ይከፈታል፤ ቤት የሚከደነው፣ ገመድ የሚገመደው ያኔ ይታጨዳል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጁ ሲመጣ ፈረሰ፤ በኋላ ሰዉ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። ግን ምን እንዳቆየው አስተውል። ባለ መብቱ ማን እንደሆነ ይታወቅ ነበር፤ ቀኑ ሳይደርስ የገባ ይቀጣ ነበር። መንገድ የሁሉ ነው። መንገድ ይዘጋል?

— ለአገሬው አይዘጋም። ለነጂው ይዘጋል።

— እንዴት አድርጎ?

— ሰኔ ሲገባ ይዘጋ። እርጥብ መረሬ ላይ ብስክሌት ሲያልፍ ጭቃው ጎማውና ብረቱ መሐል ይጠቀጠቅና ጎማው መዞር ያቆማል፤ ወርዶ በእንጨት መፈልቀቅ ነው። ግን የከፋው የእኔ ችግር አይደለም። ጎማው መሬቱ ላይ የቀደደው መስመር በማግስቱ ውሃ መውረጃ ይሆናል። እርስዎ የነገሩኝ ቦረቦር በእኔም ሊጀምር ይችላል። ስለዚህ ክረምቱን በሙሉ ብስክሌት አይግባ። ከመስቀል በኋላ ቦዩ ተጠርጎ፣ የታጠበው ተሞልቶ ሲያልቅ ይከፈት። ቀኑን የሚቆርጡትም የጠረጉት ሰዎች ይሁኑ፤ እኛ ከአዲስ አበባ አንወስንላቸው። ገንዘቡን የሚይዘውም እነሱ የመረጡት ሰው ነው።

— ይኼ ገብቶኛል። ነጂውን በመብት ሳይሆን በፈቃድ ታስገባዋለህ ማለት ነው።

— በፈቃድ፣ በቀን ገደብ፣ በክፍያ።

— ደህና። አሁን መልስልኝ። ክረምት መቼ ነው?

— ሐምሌና ነሐሴ።

— ፈረንጅ ለዕረፍት የሚወጣው መቼ ነው?

— …ሐምሌና ነሐሴ።

— እንግዲህ። ሰውየው ትኬቱን ቆርጧል፣ ብስክሌቱን ካርቶን ውስጥ አሽጎ፣ ገንዘቡን ይዞ ደብረ ብርሃን ደርሷል። ሐምሌ ደግሞ እህል የሚወደድበት፣ ለልጅ ደብተር የሚታሰብበት ጊዜ ነው። «ቀስ ብዬ ነው የምነዳው፣ እጥፍ እከፍላለሁ» ይላል። ያ የተመረጠው ገንዘብ ያዥ ምን ይለዋል?

— በጥር ና ይለዋል። ጥር ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ መንገዱ ደርቋል…

— እንደሱ የምትለው አንተ ነህ። ደሞዝ አለህ።

— ጓሳን የዘጉት ሰዎችም እኮ ጣራቸው እያፈሰሰ፣ ሣሩን በዓይናቸው እያዩ ነበር የሚያልፉት።

— የጠበቁት የገዛ ጣራቸውን ሊከድኑበት ነው። ለእንግዳ ጎማ ሲል ገንዘብ የሚመልስ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም።

— ለጎማው ሲል አይደለም፤ ማሳውን ቦረቦር እንዳይበላበት ነው። ሐምሌ የተቀበለውን እጥፍ ገንዘብ ለአንድ ክረምት ጎርፍ ነው የሚመልሰው። ይህን ከእኔ በላይ እሱ ያውቃል።

— ማወቁንማ ያውቃል። እያወቀ የተራበ ሰው አላየህም?

— አይቻለሁ። ስለዚህ የሐምሌው ገንዘብ እንዳያጓጓው የጥቅምቱ ገንዘብ ከሐምሌ በፊት እጁ ላይ መድረስ አለበት። የሚመጣው ነጂ አስቀድሞ ይክፈል፣ ግንቦት ላይ ለአካፋው ሥራ ይሰጥ።

— አስቀድሞ የሚከፍል ነጂ ካገኘህ፣ ይኼ ነገር ይቆማል። ካላገኘህ ግን ካርታህ ላይ ያለው መንገድ ካርታህ ላይ ይቀራል።

— ስንት ነጂ ቢሆን ይበቃል?

— እሱን እኔን አትጠይቀኝ። አካፋ የሚይዘውን ሰው ጠይቀው፤ የቀን ሒሳቡ ስንት ነው፣ ስንት ካልቨርት አለ፣ ስንት ሰው ይወጣል። እሱ የሚነግርህን አንተ ደምረው። እምቢ ካለህ ካርታህን አጥፈህ ተመለስ። እሺ ካለህ ጥራኝ፤ የካልቨርቶቹን አፍ አብሬህ ዞሬ አይልሃለሁ።

— በብስክሌት?

— አንተ በብስክሌት። እኔ በበቅሎ።